አስማተኛን ማጎርና መፈተን፦ የቴዳስ ግንቦች ጉዳይ

በ«ድራጎን ኤጅ» ዓለም አስማት አብሮት የተወለደ ልጅ ኃይሉ ብቅ ባለ ጊዜ ከወላጆቹ ተነጥሎ ግንብ ውስጥ ይገባል። ሲጎለምስ በሕይወትና በሞት መካከል ይፈተናል። ፈተናውን ቢያልፍም ከግንቡ የሚወጣው በፈቃድ ብቻ ነው። የሠራው ወንጀል የለም፤ የተያዘው ሊያደርስ ይችላል ተብሎ በሚፈራው ጉዳት ነው። ይህን ዓለም የፈጠረው ባዮዌር የተባለው የካናዳ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ሲሆን፣ መቀመጫው በኤድመንተን ከተማ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ፤ ተከታዮቹ በ2011፣ በ2014 እና በ2024 ቀረቡ። የታሪኩ መሪ ጸሐፊ የነበረው ዴቪድ ጌይደርም በዚሁ ዓለም ላይ ልብ ወለዶች ጽፏል። ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ የሚከራከሩበት ጥያቄ አልተዘጋም፤ አስማተኞችን ማጎርና መፈተን ጥንቃቄ ነው ወይስ ግፍ?

ጥያቄውን ጠቃሚ የሚያደርገው አደጋው እውነት መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋና ፋቂው «ቡዳ ነው» እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። እዚያ ላይ ፍርድ መስጠት ከባድ አይደለም፤ ሰው በዓይኑ አይበላም፤ ተከሳሹም የተባለው ኃይል የለውም፤ ስለዚህ መገለሉ ከሥሩ ሐሰት ነው። በቴዳስ ግን ከሳሹ አይዋሽም። አስማተኛው ቤት በእጁ ያቃጥላል፤ በአንድ ክፉ ሌሊት መንደር ሊያጠፋ ይችላል። በአስማተኞቹ ላይ የሚደርሰውን በቀጥታ በእውኑ ዓለም ከተጨቆኑ ሕዝቦች ጋር የሚያመሳስሉ ተንታኞች ይህን ልዩነት ይዘሉታል። ስለዚህ «አደጋ የለም» ብሎ መገላገል አይቻልም። አደጋው ካለ ዘንድ ምን ያህል ማድረግ ይፈቀዳል የሚለው ነው መመርመር ያለበት።

ቴዳስ የተባለው አህጉር ከጎኑ ሌላ ዓለም አለው። ፌድ ይባላል፤ የሕልም፣ የመናፍስትና የአጋንንት ስፍራ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የማይታይ መጋረጃ ነው። ተራ ሰው ሲተኛ ወደ ፌድ ይሻገራል፤ ሲነቃ ሕልም አየሁ ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። አስማተኛው ግን እዚያም ሆኖ ያውቃል፤ ኃይሉንም የሚቀዳው ከዚያው ነው። ለአጋንንቱ እንዳልተዘጋ በር ሆኖ ይታያቸዋል። ቁጣ፣ ረሃብ፣ ስንፍና፣ ምኞትና ትዕቢት እየተባሉ የሚጠሩት አጋንንት ፍላጎታቸው በሰው ሥጋ ሰፍረው ወደ ግዙፉ ዓለም መግባት ነው። አንዳንዱ በጉልበት ይመጣል፤ ብልሁ ግን ውል ያቀርባል። ጋኔን የሰፈረበት አስማተኛ መልኩ ይለወጣል፤ ወዳጅ ዘመድ አይለይም። እዚህ ላይ የግለሰቡ ደግነት ብዙም ዋስትና አይሆንም፤ ሐዘን፣ ፍርሃት ወይም ቁጣ የበረታበት ጨዋ ሰውም ሊወድቅ ይችላል።

ሌላም ስጋት አለ። የደም አስማት የሚባለው ጥበብ የሰውን አእምሮ ይገዛል። በሰሜን የሚገኘው የቴቪንተር ግዛት በአስማተኛ መኳንንት የሚመራና በባርነት ላይ የቆመ ነው። የደም አስማት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ከመኳንንቱ ጓዳ አልወጣም። ለደቡቡ ሕዝብ «አስማተኞች ነጻ ቢወጡ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከድንበር ማዶ ቆሞ ይታያል። ቻንትሪ የምትባለው ዋናዋ ቤተ እምነት የተወለደችው ነቢይቷ አንድራስቴ በዚያ ግዛት ላይ ካነሳችው አመፅ ነው፤ አስማት ሰውን ያገልግል እንጂ አይግዛው የሚለው ትምህርቷ የሕጉ ሁሉ መሠረት ሆኗል።

የግንቡ አጀማመር ከተጠበቀው ይለያል። በጥንቷ ቻንትሪ ዘመን አስማተኞች የተፈቀደላቸው ሥራ የቤተ መቅደሱን መብራትና ሻማ ማብራት፣ ምናልባትም የጣሪያውን አቧራ ማራገፍ ነበር። እሳት ከእጁ የሚወጣ ሰው መቅረዝ ለኳሽ ሆኖ መኖር ሰለቸው። በኦርሌይ ዋና ከተማ በቫል ሮዮ የነበሩት አስማተኞች ቅዱሱን እሳት አጥፍተው መዘምራን ከሚቆሙበት ሰገነት ላይ ወጥተው በራቸውን ዘጉ። ዲቫይን አምብሮዚያ ዳግማዊት፣ የቤተ እምነቷ የበላይ መሪ፣ በገዛ ካቴድራሏ ላይ ጦር ልታዘምት ቃጣት፤ ጠባቂዎቿ ቴምፕላሮች ናቸው ያረጋጓት። ከታችና ከላይ እየተጯጯሁ 21 ቀን ተደራደሩ። በመጨረሻ አስማተኞቹ ከከተማ ውጭ ራቅ ወዳለ ምሽግ በደስታ ሄዱ፤ የፈለጉት ጥበባቸውን በሰላም መማር ነበር። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር የመጀመሪያዎቹ አስማተኞች መገለሉን ራሳቸው መቀበላቸው ነው። የዛሬው ልጅ ግን ቅድመ አያቶቹ እንኳ ባልሆኑ ሰዎች ውል ታስሯል፤ አልፈረመም፤ የመውጫ አንቀጽም የለውም። በቴዳስ አቆጣጠር 1:20፣ ማለትም በመጀመሪያው ዘመን በ20ኛው ዓመት፣ የኔቫራ ስምምነት የሚባለው ውል ተፈርሞ ቴምፕላሮችና የእነሱ ተቆጣጣሪ የሆኑት ሲከሮች በቻንትሪ ሥር ሆኑ። እያንዳንዱ ዘመን 100 ዓመት ነው፤ ሥርዓቱ የፈረሰው በዘጠነኛው ዘመን ነውና ከ800 ዓመት በላይ ጸንቷል።

በፌሬልደን አገር በካለንሃድ ሐይቅ መሐል ያለው ኪንሎክ ሆልድ «ክበብ» የሚባለው የዚህ የአስማተኞች ሥርዓት ምሳሌ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ግንቡ ጨለማ ጉድጓድ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ምግብና ልብስ አይጎድልም፤ በከተማ ጥጋጥግ ተጨናንቆ የሚኖር የኤልፍ ድሃ ልጅ ከሰው ልጅ እኩል ተቀምጦ ማንበብና መጻፍ የሚማረው እዚያ ነው። ቪቪየን የተባለችው አስማተኛ በዚሁ ሥርዓት አድጋ በኦርሌይ ቤተ መንግሥት ታላቅ ሹመት አግኝታለች፤ የክበቡም ብርቱ ተሟጋች ናት። ሆኖም እያንዳንዱ ልጅ ሲገባ ደሙ በብልቃጥ ይቀመጣል፤ ቢያመልጥ በዚያ ደም ተከታትለው ይይዙታል። የደም አስማት በሞት የሚያስቀጣበት ሥርዓት አሳዳጁ ራሱ በደም የሚመራ መሆኑ፣ ደንቡን የጻፉት ሰዎች ያላዩት ወይም ማየት ያልፈለጉት ጉድ ነው። በግንቡ የሚወለድ ሕፃን ደግሞ ከእናቱ ተወስዶ ለቻንትሪ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ «የአኑልመንት መብት» የሚሉት ሥልጣን አለ፤ አንድ ክበብ ተስፋ የለውም ተብሎ ከተፈረደበት ቴምፕላሮቹ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለዩ ሁሉንም ይፈጃሉ። በቻንትሪ መዝገብ መሠረት በ700 ዓመት ውስጥ ይህ 17 ጊዜ ተፈጽሟል።

ፈተናው ሃሮዊንግ ይባላል። የመጀመሪያው ጨዋታ ተጫዋቹ አስማተኛ ለመሆን ከመረጠ በዚሁ ፈተና ይከፈታል፤ የሥርዓቱም ባሕርይ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ እዚህ ይታያል። ተማሪው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ አይነገረውም፤ ሌሊት ይጠራል። በግንቡ አናት የክበቡ አለቃ ኧርቪንግና የቴምፕላሮቹ አዛዥ ግሬጎር ይቀበሉታል። ሊሪየም የተባለው ማዕድን በዕቃ ተቀምጦለታል፤ ሲነካው ነፍሱ ወደ ፌድ ትገባለች፤ ሥጋው ወለል ላይ ይቀራል፤ ዙሪያውን ቴምፕላሮች ሰይፋቸውን ይዘው ይቆማሉ። ጋኔን ቢሰፍርበት ወይም ከልክ በላይ ቢዘገይ አንገቱ ይቀላል። በፌድ ውስጥ «አይጥ» ተብሎ የሚጠራ አንድ ደካማ መንፈስ ይጠጋዋል። እንደሱ ተማሪ እንደነበረ፣ ስለዘገየ ብቻ ቴምፕላሮቹ ሥጋውን እንደገደሉበት ይነግረዋል፤ መንገድም ይመራዋል። የሚታየው ጠላት በእሳት የሚነድ የቁጣ ጋኔን ነው። ተማሪው እሱን ካሸነፈ በኋላ ግን አይጡ ወደ ሥጋህ አስገባኝ ብሎ ይለምናል። እውነተኛው ፈተና እሱ ነበር፤ ወዳጅ መስሎ የቀረበው የትዕቢት ጋኔን ነው። በማግስቱ ከለን የተባለው ወጣት ቴምፕላር አስማተኛዋን ሲያገኛት እያፈረ የሚነግራት ነገር አለ፤ ብትወድቅ ኖሮ እንዲገድላት የተመደበው እሱ ነበር።

የፈተናው ደጋፊዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ሰው ጋኔንን መቋቋም መቻሉ በጽሑፍ ፈተና አይለካም፤ መገናኘት ግድ ነው። መገናኘቱ ካልቀረ ደግሞ ሕፃናት በተኙበት መንደር ከሚሆን፣ ሰይፍ የያዙ ሰዎች ባሉበት ዝግ ክፍል ቢሆን ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የፈተናው አቀራረብም ቢሆን ብልሃት አለበት፤ ዋናው አደጋ የሚያስፈራው ጋኔን ሳይሆን የሚያባብለው መሆኑን ይዟል። ይህን ያህሉን መካድ አይገባም።

ችግሩ ፈተናው ሊያረጋግጥ የሚችለው በዚያች ሌሊት የሆነውን ብቻ መሆኑ ነው። የአስማተኛ አደጋ ዕድሜ ልክ ይከተለዋል፤ ፈተናው አንድ ጊዜ ነው። በኪንሎክ ሆልድ አመፅ ያስነሳውና ራሱ የትዕቢት ጋኔን ማደሪያ የሆነው ዩልድረድ ከፍተኛ አስማተኛ ነበር፤ ሃሮዊንግን ካለፈ ዓመታት ሆነውታል። በከርክዎል ከተማ የክበቡ አለቃ የነበረው ኦርሲኖም ፈተናውን አልፏል፤ መጨረሻው ግን በሬሳና በደም የተሠራ አውሬ ሆነ። ቤተ መቅደስ ያፈነዳው አንደርስም አልፏል። ሁለቱ የኋለኞቹ የወደቁት ተስፋ በቆረጡበት ሰዓት ነው፤ ተስፋ መቁረጥን ደግሞ በወጣትነት በአንዲት ሌሊት መመርመር አይቻልም። ፈተና ሲባል ውጤቱ ተፈታኙን ለማስተማርና ለመደገፍ መዋል አለበት። ሃሮዊንግ ግን የወደቀውን ይገድላልና ባሕርይው ወደ መካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ፍርድ ይጠጋል፤ ተከሳሹን የጋለ ብረት አስይዘው ወይም ውሃ ውስጥ ጥለው ይፈርዱ ከነበሩት ጋር። እ.ኤ.አ. በ1215 አራተኛው የላተራን ጉባኤ ካህናት እንዲህ ያለውን ሥርዓት እንዳይባርኩ ከልክሏል።

ደግሞም ሰይፉ ብቸኛው መድኃኒት አይደለም። ይህን ለማየት በፌሬልደን ወዳለችው ሬድክሊፍ መሄድ ያስፈልጋል፤ የክርክሩ ሁሉ እምብርት ያለው እዚያ ነው። የሬድክሊፍ ገዥ ኤሞን፣ ኮነር የሚባል ልጅ አለው፤ ልጁ አስማት ያሳያል። እናቱ ኢዞልድ ክበቡ ልጇን እንዳይነጥቃት ፈርታ ነገሩን ከባሏ ሳይቀር ትደብቃለች፤ ምስጢሩን መደበቂያ ያህል እንዲያስተምርላት ከግንቡ ያመለጠ አስማተኛ በድብቅ ትቀጥራለች። የመጣው ጆዋን ነው። ጆዋን ወደ ፈተናው ሳይጠራ የቀረ፣ በደም አስማት ተጠርጥሮ ነፍሱ እንድትደነዝዝ፣ ማለትም ስሜቱንና አስማቱን እንዲያጣ፣ የተወሰነበትና ከዚያ የሸሸ ወጣት ነው። በጠላት ተልኮም ኤሞንን መረዘው። ልጁ አባቱ እንዳይሞት ከጋኔን ጋር ተዋዋለ፤ በየሌሊቱ ሙታን እየተነሡ መንደሩን ፈጁት።

የግንቡ ደጋፊ ይህን ታሪክ ሲሰማ «ልጁ በጊዜው ቢሰጥ ኖሮ መንደሩ ይተርፍ ነበር» ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን እናቱን እንድትደብቅ ያደረጋት ምንድን ነው? ልጇን ማጣት የለባት ቢሆን ኖሮ፣ በየሳምንቱ ሄዳ ማየት ብትችል ኖሮ፣ ሲያድግ ወደ ቤቱ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ አስተማሪ ፍለጋ ወደ ወንጀለኛ አትሄድም ነበር። ጆዋንንም ቢሆን ወደ ደም አስማት ይበልጥ የገፋው ሊፈጸምበት የነበረው ቅጣት ነው። አደጋው የተወለደው አስማቱና እስራቱ ተጋብተው ነው። በቴዳስ ታሪክ ይህ ደጋግሞ ይታያል፤ የከርክዎል ቴምፕላሮች አዛዥ ሜሬዲት እህቷ አሚሊያ አስማተኛ ነበረች፤ ቤተሰቡ ለግንብ እንዳይሰጣት ደበቃት፤ ጋኔን ሰፍሮባት ቤተሰቡን ፈጀች። ሜሬዲት ከዚህ የተማረችው ማንንም ማመን እንደማይገባ ነው። ከዚሁ ታሪክ ሌላ ትምህርት መውሰድ ይቻል ነበር፤ ቅጣትን የሚፈራ ቤተሰብ በሽተኛውን ይደብቃል።

ለኮነር የተሻለው መፍትሔ የመጣው ከግንቡ ነው። አስማተኞች ሊሪየም ይዘው መጡ፤ አንድ አስማተኛ ወደ ፌድ ገብቶ ጋኔኑን ገደለ፤ ልጁ ተረፈ። ይህ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ ክበቡ ያከማቸው እውቀት ሕይወት የሚያድን ነውና ተቋሙን ከነትምህርቱ ማፍረስ ሞኝነት ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪን ወደ ፌድ ተከትሎ የሚገባ ረዳት መመደብ ይቻላል ማለት ነው። ወጪው ብዙ ነው፤ ዝግጅቱም ከባድ ነው። ግን ለገዥ ልጅ ሲሆን ተደርጓል፤ ለግንቡ ተማሪ ሲሆን የሚመደብለት ሰይፍ ነው።

ከእውኑ ዓለም ለዚህ ነገር በጣም የሚቀርበው የሜሪ ማሎን ጉዳይ ነው። ማሎን በኒው ዮርክ የኖረች አየርላንዳዊት ምግብ አብሳይ ነበረች። ራሷ ሳትታመም የታይፎይድ ተሕዋስ በሰውነቷ ተሸክማ የምታበስልላቸውን ሰዎች ታሳምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ተይዛ በኖርዝ ብራዘር ደሴት ተገለለች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ምግብ ላታበስል ቃል ገብታ ተለቀቀች። የልብስ አጣቢነት ክፍያ አላኖራትምና ስሟን ቀይራ ወደ ማብሰሉ ተመለሰች፤ በ1915 በአንድ የወሊድ ሆስፒታል ወረርሽኝ ተነሣ። ዳግመኛ ተይዛ በዚያችው ደሴት በ1938 ሞተች። አደጋዋ እንደ አስማተኛው እውነት ነበር፤ ጥፋተኛም አልነበረችም። በዚያው ከተማ የታወቁ ሌሎች ተሸካሚዎች ነበሩ፤ ዕድሜ ልክ የተገለለችው ግን እሷ ናት። መንግሥት የማብሰያ ሥራዋን ሲነጥቃት በምን ትኖር የሚለውን በቂ አድርጎ አላሰበበትም። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጡት የሲራኩሳ መርሆዎች መብትን መገደብ የሚፈቀደው በሕግ ሲወሰን፣ ለተገቢ ዓላማ ሲውል፣ የግድ ሲያስፈልግ፣ ከአደጋው ጋር ሲመጣጠንና በዘፈቀደ ካልሆነ ነው ብለው ደንግገዋል፤ በሕዝብ ጤና ጉዳይም መመዘኛ ሆነው ይጠቀሳሉ።

ግንቡ በዚህ ሚዛን ቢቀመጥ ሕግ አለው፤ ዓላማውም ተገቢ ነው። የሚወድቀው ከዚያ በኋላ ባሉት ነው። የግድ ሲያስፈልግ የሚለውን አያሟላም፤ ያልተሞከረ ሌላ መንገድ አለና። ዕድሜውን ሙሉ ጋኔንን ሲቋቋም የኖረውን የሰባ ዓመት ፈዋሽ ከትናንት ተማሪ ጋር አንድ አድርጎ ያስራል። የተበደለ አስማተኛም የሚከራከርበት ችሎት የለውም፤ ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ገዳዩም ቴምፕላር ነው።

ስለ ጠባቂዎቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቴምፕላሮች አስማትን የሚያከሽፉበትን ኃይል ለማግኘት ሊሪየም ይወስዳሉ፤ ሱሱ ይይዛቸዋል፤ አንዳንዱ ሲያረጅ አእምሮው ይዛባል። ሊሪየሙን የምታድለው ቻንትሪ ናት። እሺ የማይል ጠባቂ የሚያስፈልገውን ያጣል። እንዲህ ያለ ሰው ለእስረኛው ቢራራ ምን ይሆናል? ሳምሶን የተባለው የከርክዎል ቴምፕላር ማዶክስ ለተባለ አስማተኛ ለፍቅረኛው የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያደርስለት ነበር። ሲደረስባቸው ሳምሶን ተባሮ በከተማው ጎዳና ሱሰኛ ለማኝ ሆነ፤ ማዶክስ ደግሞ ነፍሱ ደነዘዘች። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ከፍቅር ሌላ ነገር አልነበረም።

ይህ ማደንዘዝ የግንቡ ከባዱ ጥያቄ ነው። «ትራንኩዊል» የሚሆነው አስማተኛ ግንባሩ ላይ የፀሐይ ምልክት በሊሪየም ይታተምበታል፤ ከፌድ ጋር ያለው ግንኙነት ይቆረጣል። ከዚያ ወዲያ ሕልም አያይም፤ አያዝንም፤ አይስቅም፤ አይቆጣም። ጋኔንም አይቀርበውም። በረጋ ድምፅ ደኅና ነኝ ይላል፤ ይሠራል፤ ይታዘዛል። አስማታዊ ዕቃዎችን የሚሠሩትና ለግንቡ ገንዘብ የሚያስገኙት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፤ ይህም አሳሪው ከቅጣቱ ትርፍ እንዲያገኝ ያደርገዋል። በሕጉ ሃሮዊንግን ያለፈ አስማተኛ ሊደነዝዝ አይገባም፤ በከርክዎል ግን ካርል የተባለው የአንደርስ ወዳጅ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ተፈጽሞበታል። ለጥቂት ደቂቃ ስሜቱ ሲመለስለት የለመነው እንዲገድሉት ነው።

ቻንትሪ ማደንዘዝ የማይመለስ ነው ስትል ኖራለች። «አሰንደር» በተባለው የጌይደር ልብ ወለድ አንድ ተመራማሪ ሊመለስ እንደሚችል አረጋገጠ፤ ሲከሮቹ እውቀቱን ለማፈን ተጣደፉ፤ በኋላ በአስማተኞችና በቴምፕላሮች መካከል ለተነሣው ጦርነት መቀስቀሻ ከሆኑት አንዱ ይህ ነው። በ2014ቱ ጨዋታ ደግሞ ሲከሯ ካሳንድራ የማኅበሯን ምስጢራዊ መጽሐፍ ስታነብ የባሰ ነገር አገኘች፤ ሲከሮች መፍትሔውን ከመጀመሪያ ጀምሮ ያውቁ ነበር። የራሳቸው ምልመላ ሰውን አደንዝዞ በመንፈስ ንክኪ የሚመልስ ነው፤ ማደንዘዙም የተገኘው ከዚያው ሥርዓት ነው። ይህ ግኝት ከሁሉም መከራከሪያ በላይ ይከብዳል። ለደኅንነት ሲባል ሰውን የሚያስር ተቋም ቢያንስ አንድ ዕዳ አለበት፤ የሚወስደው እርምጃ ምን እንደሚያደርግ እውነቱን መናገር። ያንን ደብቆ ግንባር ሲያትም የኖረ ተቋም «እመኑኝ፣ ሌላ መንገድ የለም» ሲል የሚታመንበት ምክንያት የለም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ደግሞ ራሱ ቴዳስ ያሳያል። በደቡብ ተራሮች የሚኖሩት አቫሮች አስማት የታየበትን ልጅ አያስሩትም፤ በጎ መንፈስ ያስተምረው ዘንድ በልጁ እንዲያድር ይፈቅዳሉ፤ ልጁ ሲበቃ በሥርዓት ይለያዩዋቸዋል። ለቻንትሪ ይህ ራሱ ወንጀል ነው። በሪቬይን የዴርስሙድ ክበብ ሴቶቹ እንደ ጥንቱ ከመናፍስት ጋር ሲነጋገሩ፣ አስማተኞቹም ቤተሰባቸውን ሲያዩ ኖሩ፤ በ9:40 ይህ ሲታወቅ ክበቡ በሙሉ ተፈጀ፤ ከግድያው በፊት ከዚያ ስለ ደረሰ ጥፋት የተሰማ ነገር የለም። በሌላው ጫፍ ኩናሪዎች የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። አስማተኛቸውን አንገቱን በብረት፣ ፊቱን በጭንብል ይዘው በሰንሰለት ይጎትቱታል፤ የአንዳንዱን ከንፈር ይሰፉታል። በ2011ዱ ጨዋታ ከጠባቂው ተለይቶ ነጻ የወጣ አንዱ ራሱን በእሳት ያቃጥላል፤ ያለ ጠባቂ የቆየ አስማተኛ ርኩስ ነው ብሎ ከልጅነቱ ተምሯልና። ከደኅንነት አንጻር ብቻ ለሚመዝን ሰው የኩናሪዎቹ አሠራር ከግንቡም የተሻለ ነው፤ የግንቡ ደጋፊዎች ይህን ሲሰሙ የሚሰቀጥጣቸው ከሆነ፣ ደኅንነት ብቻውን እንደማይበቃ ራሳቸውም ያምናሉ ማለት ነው።

በ9:37 አንደርስ የከርክዎልን ቤተ መቅደስ በውስጡ ከነበሩት ጋር አፈነዳው። ሰባት ጊዜ ከግንብ አምልጦ የተያዘ፣ በኋላም መንፈስ በውስጡ ያሳደረ ሰው ነው። ድርጊቱ ንጹሐንን የፈጀ ግድያ ነው፤ የደረሰበት በደል ይቅርታ አያሰጠውም። ሜሬዲት በበኩሏ ከክበቡ ውጭ የነበረ አንድ ሰው በሠራው ወንጀል በግንቡ ያሉት ሁሉ እንዲገደሉ አዘዘች። በሦስት ዓመት ውስጥ የኔቫራ ስምምነት ፈረሰ፤ አስማተኞችና ቴምፕላሮች ጦርነት ገጠሙ። ሥርዓቱ ሊያስቀረው የተቋቋመለት እልቂት በሥርዓቱ እጅ ደረሰ።

በ2014ቱ ጨዋታ መጨረሻ አዲስ ዲቫይን ትመረጣለች፤ ማንነቷ በተጫዋቹ ሥራ ይወሰናል። ሌሊያና ብትመረጥ ክበቡን ታፈርሳለች፤ ቪቪየን በጠንካራ እጅ ትመልሰዋለች፤ ካሳንድራ አሻሽላ ታቋቁመዋለች። ከሦስቱ የሌሊያና መንገድ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን አስማት ያልተማረ ልጅ ለራሱም ለጎረቤቱም አደጋ ነው፤ ማስተማሩ በወላጅ ፈቃድ ብቻ ሊተው አይችልም። ትምህርቱን ግዴታ ማድረግ፣ ልጁን ኃይሉን መግዛት እስኪችል በአዳሪነት ማቆየት፣ ከብቃቱ በፊት እንዲፈተን ማድረግ ተገቢ ነው። ፈተናው ግን ተማሪው አውቆትና ተዘጋጅቶበት የሚገባው፣ ረዳት ያለበት፣ ቢወድቅ የሚደገም ይሁን። የበቃው ይውጣ፤ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይመዝገብ፤ ጥፋት ሲገኝበት ቴምፕላር ባልሆነ ዳኛ ይከሰስ። ወላጅ ልጁን ይጎብኝ። ማደንዘዝና የጅምላ ፍጅት ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይቅሩ። ወደዚህ የሚቀርበው የካሳንድራ መንገድ ነው፤ እሷም ብትሆን የጠባቂዎቹን ሊሪየም ከቻንትሪ እጅ ካላወጣች የምትመልሰው አሮጌውን ግንብ ነው።